እትዬ የዘፈኑበት ቅደም ተከተል

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ የዘፈን መጫኛ ሱቅ ነበረኝ። ሱቅ ስል ለወጉ ያህል ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር፣ መብራት በሄደ ቁጥር ደጅ ወጥቼ ፀሐይ የምሞቅበት አንድ ድንጋይ። በሩ ላይ «ዘፈንና መዝሙር እንጭናለን» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። ጊዜው ሰው ሁሉ ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ ማጫወቻ ገዝቶ፣ በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገበያ የሚወጣበት ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንኳ ከአንዱ ጋቢ ሥር ዘፈን ያመልጥና ሊቀመንበሩን ያናድዳቸው ነበር።

ሥራው መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ሰው ዘፈን ይፈልጋል፣ እኔ እጭናለሁ። ኋላ ግን ሰው የሚፈልገው ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተሉንም እንደሆነ ገባኝ። የደብረ ብርሃን መስመር ሾፌር ጠመዝማዛው ላይ ረጋ ያለ፣ ሜዳው ላይ ሲወጣ ሞቅ ያለ እንዲመጣለት ያዘኛል። ሰርግ የደረሰበት አባት ደግሞ «አደራሽን፣ የመሸኛው ከመቀበያው ቀድሞ እንዳያዋርደኝ» ይለኛል። እኔም በየዘፈኑ ስም ፊት ቁጥር እየጻፍኩ፣ ተራውን አስተካክያለሁ ብዬ እሸኛቸዋለሁ። በማግስቱ ተመልሰው ይመጡና ይሰድቡኛል። ማጫወቻው ቁጥሬን ከምንም አልቆጠረውም።

ብዙ ከተሰደብኩ በኋላ ነው ምስጢሩ ላይ የደረስኩት። እነዚያ ርካሽ ማጫወቻዎች ስም አያነቡም፣ ቁጥርም አያውቁም። የሚያውቁት ሚሞሪው ውስጥ ማን ቀድሞ እንደገባ ብቻ ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይዘፍናል። ስለዚህ ተራ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ሚሞሪውን ባዶ አደርግና ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አስገባለሁ፤ አንዱ ገብቶ ሳያልቅ ሌላውን አልነካም። ማጫወቻዋ ላይ ደግሞ አንዲት የምታደባልቅ ቁልፍ አለች፤ ትንሽ ጫን አድርገው ከያዟት ዘፈኑን ሁሉ እንደ ንፍሮ ታቀላቅለዋለች። ስንቱ ሰው ሳያውቅ ተጭኗት መጥቶ «ሥራሽ አይረባም» ብሎኛል። ያቺን ቁልፍ የፈጠረ ሰው መንዝ ቢመጣ የምለው ነበረኝ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ባና ይሸምናሉ። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ቀን ይደርቡታል፣ ሌሊት ይለብሱታል፣ ያለ እሱ የመንዝን ነሐሴ የሚያልፍ ጀግና እስካሁን አላየሁም። የሽመናው ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ባና በአንዴ አይወጣም፤ ሁለት ረዣዥም ወርድ ለየብቻ ይሸመንና ጎን ለጎን ተገጥሞ መሃሉ ላይ ይሰፋል። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእነዚያ ሁለት ወርዶች ላይ ነው።

ሚስታቸውን እትዬ እንላቸው ነበር። ጋሼ እግራቸውን ከሽመናው ዕቃ ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ፣ እትዬ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ማጉን ይፈትላሉ፤ እየፈተሉም ያንጎራጉራሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ ግን ከእንዝርቱ ጋር አብሮ የሚሾር ይመስላል። የብርዱን ዘፈናቸውን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ፦

ብርድ ቤቱ መንዝ ነው ማንስ ያስወጣዋል፣
የበጌን ጠጉር ግን እሱም ይፈራዋል።

እሑድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ በስልኬ እቀዳቸው ነበር። ሰንበት ስለሆነ እንዝርት አይነካም፤ እትዬም «የሥራ ዘፈን ያለ ሥራ ምን ይረባል» እያሉ ይግደረደራሉ። ኋላ እሺ ይሉና ያሰኛቸውን አንድ ብቻ ይዘፍኑልኛል፤ ሁለተኛውን ብለምን ባስለምን አይሰጡኝም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በብዙ እሑዶች ብዙ ዘፈን አጠራቀምኩ። ከጥምቀት ወዲህ ሳል ያዛቸው ተባለ። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ጸበል ተጠመቁ፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ዐረፉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ጋሼ ሱቄ መጡ። ከዚያ በፊት እግራቸው ረግጦት አያውቅም፤ የዘፈን ቤት የሥራ ፈቶች መዋያ ነው ብለው ያምናሉ። ክንዳቸው ሥር የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው።

«ድምጿ አንቺ ዘንድ አለ አሉኝ» አሉ።

«አለ፣ ጋሼ።»

«የሥራዋ?»

«የሥራ ዘፈናቸው ነው። ብዙውን ቀድቼዋለሁ።»

ጥቅልሉን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ቡናማ፣ አንድ ወርድ ባና ነው። ቀስ እያሉ አስረዱኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሸምኑ ከቤታቸው የወጣው ባና ሁሉ ገና ከዕቃው ሳይወርድ ገዢ ያገኝ ነበር፤ ሁለቱ የሚተኙት የተጣጣፈ አሮጌ ለብሰው ነው። ባለፈው ክረምት እትዬ ምርጥ ምርጡን ጠጉር ለይተው አስቀመጡና «ይኼ ገበያ አያይም፣ የኛ ነው» አሉ። ለሁለቱም ወርድ የሚበቃውን ማግ ራሳቸው ፈትለው አደረሱ። አንደኛው ወርድ ተሸምኖ እንዳለቀ ተኙ፣ በዚያው አልተነሡም።

«ሁለተኛውን ዝም ብዬ ጀመርኩት» አሉ ጋሼ። «ክንድ ያህል ሸምኜ ከዚህኛው ጋር ባጋጥመው አልገጥም አለ። አንዱ ይሸበሸባል፣ አንዱ ይወጠራል። የኔ አንድ ወጥ ነው፣ ከሷ ጋር የሸመንኩት ግን እንዲያ አይደለም። እሷ ስታዘግም እጄ ላላ ይላል፣ ስትፈጥን ይጠብቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ማጉን በመምቻ የመታሁት በሷ ዘፈን ነው። ስለዚህ ፈታሁት። ጠጉር ደግሞ አንዴ ሲፈታ ይሳሳል፤ መላልሼ ከፈታሁት ይበጣጠሳል። እሷ የፈተለችው ሌላ ማግ የለም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«ድምጿን በዚች በምታንጠለጥሏት ነገር አድርጊልኝ። እንደሷ አድርጊልኝ።»

እንደሷ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም። ስልኬ ውስጥ በተቀመጡበት ተራ ጭኜ ሰጠኋቸው፤ የማደባለቂያዋን ቁልፍ በፕላስተር ሸፈንኳት፤ ማብሪያና ማጥፊያውን አሳየኋቸው። የረዳኋቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በሳምንቱ መንደር ወረድኩ። ጋሼ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ድሩ ተወጥሯል፣ የተሸመነው ግን ስንዝር አይሞላም።

«አይደለም» አሉኝ።

«ድምፃቸው አይደለም?»

«ድምጿስ ነው። እጄ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሊሄድ ሲል ሌላ ይመጣበታል። እንዳላበላሸው ፈራሁና ተውኩት።»

«የሚቀጥለው የቱ ነው? ይንገሩኝና አስተካክለዋለሁ።»

መወርወሪያውን አገላበጡ። «አላውቀውም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ መች ሰማኋት ልጄ? እጄ ነው የሰማት።»

ተናደድኩ። ሰው ከሚስቱ ጋር ይኼን ሁሉ ዘመን ኖሮ የምትዘፍነውን ተራ አያውቅም? ንዴቴ ግን አልቆየም፤ እኔም ብሆን ዘፈን ስለቅም ተራውን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ለሾፌርና ለሰርገኛ ተራ የምጨነቅ ሰው የገዛ ዘመዴን ዘፈን እንደ ጥሬ ነበር የዘገንኩት።

ከዚያ «የተሸመነውን ወርድ ያምጡት እስቲ» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አሁንም አላውቅም። ወደ በሩ ወስደን ዘረጋነው። ለኔ ያው ቡናማ ባና ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑና አውራ ጣታቸውን ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያሉ አስሄዱ። «እዚህ ላላ ይላል። እዚህ መጥበቅ ጀመረ። እዚህ ጥብቅ ነው። ይኸው መልሶ ላላ» ይላሉ። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ በፀሐዩ ትይዩ ከፍ አደረግኩት፤ ያኔ አየሁት። አንዳንዱ ቦታ ላይ ብርሃን በጭላንጭል ያልፋል፣ አንዳንዱ ላይ አያልፍም። ከላላ ወደ ጥብቅ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ይወላውላል፣ እንደገና ይጠብቃል፣ ከዚያ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣል።

ጋሼ በሁለት እጃቸው ለኩና «ይኼ አንድ ቀን ነው» አሉ። እጃቸውን አዛወሩ። «ይኼ ደግሞ ማግስቱ።»

እትዬ በየቀኑ በአንድ ተራ ነበር የሚዘፍኑት ማለት ነው። ቀኑ ከቀኑ ጋር ይመሳሰላል። እኔ ዘፈን ሚሞሪ ላይ በማስቀመጥ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ፤ የበግ ጠጉርም ዘፈን ይይዛል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ማንም ሳያስበው፣ ራሳቸውም ሳያውቁ፣ ሁለቱ ሰዎች ያንን ሁሉ ቀን እዚያ ላይ አስቀምጠውታል። እውነት ለመናገር ፈራሁ፤ ታቦት ሲወጣ እንደምፈራው ዓይነት ፍርሃት ነበር።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። እኔ ከስልኬ አንድ ዘፈን እከፍታለሁ፤ ጋሼ መምቻውን ሳይነኩ በባዶ እጃቸው አየሩን እየመቱ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ወደ ባናው ዞረው ጣታቸውን ያሳርፋሉ። «እዚህ ጋ ነው» ይላሉ። ለእመቤታችን የሚሏት ዝግ ያለች ዜማ ከቀኑ መጀመሪያ ላይ ተቀመጠች። የበጎቹ ዘፈን ከሷ ቀጠለ። የአማቲቱና የምራቲቱ ዘፈኖች በአካሄድ ስለሚመሳሰሉ ተከራከርንባቸው፤ ጋሼ «እንደገና አሰሚኝ፣ እንደገና አሰሚኝ» እያሉ አሰለቹኝ፣ በመጨረሻም ምራቲቱ ቀደመች። የብርዱ ዘፈን ባናው በጣም በጠበቀበት ቦታ ላይ ዋለ፤ ፀሐይ አዘቅዝቃ ቅዝቃዜው በበሩ ሲገባ የሚያነሡት እሱን ኖሯል። ቦታ ያጣ ዘፈን አልነበረም። ወደ ወርዱ መጨረሻ ስንደርስ ግን ጋሼ እጃቸውን አነሡና «ይበቃል፣ ተራውን አግኝተነዋል» ብለው ጠቀለሉት። እኔም በደስታ ሰክሬ ስለነበር አልጠየቅኩም።

ሱቄ ተመልሼ ሚሞሪውን ባዶ አደረግኩ። የዚያን ቀን ያህል ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። አንዱ ዘፈን ገብቶ እስኪያልቅ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ መብራት እንዳይሄድብኝ እጸልያለሁ። አንድ ደንበኛ «ቶሎ በይ እንጂ፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» ቢለኝ በሩን ዘጋሁበት። ከእመቤታችን ዜማ እስከ ብርዱ ድረስ እንደ ባናው አስገባኋቸው።

በማግስቱ ጋሼ ያቺን ስንዝር ቀስ ብለው ፈትተው ጉድጓዳቸው ውስጥ ገቡ። እኔ ማጫወቻዋን እትዬ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ምስማር ላይ ሰቅዬ ከፈትኳት። የጋሼ እጅ ዘፈኑን ተከተለ። መወርወሪያው ሄደ፣ ተመለሰ፣ መምቻው መታ። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ እጃቸው ግን አይሳሳትም።

በዚህ መሃል አንዲት ጎረቤት የሟቿን ድምፅ በአጥሩ በኩል ሰምተው እያማተቡ መጡ። በሐዘን ቤት ዘፈን መክፈት ነውር ነው፤ ሊቆጡም የተዘጋጁ ይመስላሉ። ማጫወቻዋን ሲያዩ ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉና የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ማዳመጥ ጀመሩ። የእመቤታችን ዜማ ሊያልቅ ሲል «አሁን የበጎቹ ነው» አሉ። እውነትም የበጎቹ መጣ። እሱ ሊያልቅ ሲልም «ቀጥሎ ምራቲቱ፣ ከዚያ አማቲቱ» አሉ። መጡ፣ በተራቸው።

«ተራውን ያውቁታል እንዴ?» አልኳቸው።

«አጥር ለአጥር ስሰማት ኖሬ እንዴት አላውቀው? ብትጠይቁኝ እነግራችሁ አልነበር?»

ጋሼ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ በውስጤ ግን ከቀድሞው የበለጠ ተገረምኩ። ጎረቤት መጠየቅ ያልታሰበን ሞኞች ባናውን ጠየቅነው፣ እሱም እውነቱን ነገረን። የሴትዮዋ ጆሮና የጋሼ ጣት ያመጡት ተራ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ከሰንበትና ከበዓል በቀር በየቀኑ ሸመኑ። እጃቸው ሲያርፍ ማጫወቻዋን ያቆማሉ፣ ሲጀምሩ ይከፍታሉ። ባትሪዋ ሲደክም ለገበያተኛ ሰጥተው ይልኩልኝና ቻርጅ አድርጌ እመልሳለሁ። የወርዱን መጨረሻ ሊሸምኑ ሲሉ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ፤ ሲገጥም ለማየት ጓጉቼ ነበር። ጋሼ የድሮውን ወርድ ጎናቸው ዘርግተው እያስተያዩ ይሠራሉ። ሁለቱ ቦታ ለቦታ ገጥመዋል፤ የጠበቀው ከጠበቀው፣ የላላው ከላላው። ጣቴን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳሻግር ልዩነት አጣሁበት።

የእመቤታችን ዜማ አለቀች። የበጎቹ ሊጀምር ሲል ጋሼ እጃቸውን አቆሙ።

«ዝጊያት» አሉኝ።

ዘጋኋት። ባትሪ አልቆ ወይም ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

«ከዚህ ወዲያ ዘፈን የለም» አሉና ያን ቀን ያላሳዩኝን የወርዱን ጫፍ ዘረጉልኝ። ወደ በሩ ወስጄ ብርሃን ላይ ያዝኩት። የመጨረሻዎቹ ቀኖች እንደ ሌሎቹ አልነበሩም። የብርዱ ዘፈን የሚውልበት ጥብቅ ቦታ ጠፍቷል። በማግስቱ ከሱ በፊት ያለውም ጠፋ። ቀኖቹ እያጠሩ፣ እየላሉ ይሄዱና መጨረሻ ላይ ከእመቤታችን ዜማ በኋላ አንድ ክንድ ያህል እንዳለ የላላ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ያልፍበታል። ጋሼ ሰሞኑን ማጫወቻዋን ከቀን ቀን ቀደም እያደረጉ ሲዘጉ እንደከረሙ ያኔ ነገሩኝ።

«ሳሏን ደብቃኝ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ የብርዱን ተወችው። ትንፋሽ የሚፈልገው እሱ ነዋ። ቀጥላ ሌላውን፣ ሌላውን። እኔ የተቀየመችኝ መሰለኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም ዝም አልኳት። እሷ ትፈትላለች፣ እኔ እሸምናለሁ፣ አንድም ቀን ምን ሆንሽ አላልኳት። እጄ ግን አውቆ ነበር፤ ይኸው ላልቷል።»

እትዬ ለባላቸው ያልነገሩት፣ ለኔ ያልነገሩት፣ ምናልባት ለራሳቸውም ያላመኑት ነገር እጄ ላይ ነበር። ትንፋሻቸው እያጠረ የሄደበት መንገድ በጣት የሚዳሰስ ሆኖ ተቀምጧል። አለቀስኩ፤ ግን ልቅሶው የሐዘን ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ ማየቴ ከበደኝ።

ጋሼ ቀሪዋን ክንድ ያለ ዘፈን ሸመኗት። እኔ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መወርወሪያው ሲያልፍና መምቻው ቀስ ብሎ ሲያርፍ ብቻ ይሰማል። እጃቸው እንዳይጠነክር ራሳቸውን እየያዙ ነበር የሚመቱት፤ እያንዳንዷን ክር ካሳረፉ በኋላ ወደ ድሮው ወርድ ዞረው ያያሉ። ለካ ማላላት ከማጥበቅ ይከብዳል። ሲጨርሱ ከዕቃው ላይ አወረዱትና ሁለቱን ወርድ ጎን ለጎን አንጥፈው መስፋት ጀመሩ። እኔ ጫፉን ወጥሬ ያዝኩላቸው። ከራስጌ እስከ ግርጌ የተሸበሸበ ቦታ አልነበረም።

መርፌው የላላውን ክንድ ሊጨርስ ሲል ግን አላስቻለኝም። ጋሼ አርጅተዋል፣ ክረምቱም እየመጣ ነው፤ በዚያ በኩል ብርድ እንደሚገባ ደግሞ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የእርስዎን ወርድ እንኳ እዚህ ላይ ጠበቅ ቢያደርጉት ምን ነበረበት? ብርዱ ይገባብዎታል እኮ።»

ቀና ብለው አላዩኝም።

«ይግባ» አሉ። «ከሷ በኩል ላልቶ ከኔ በኩል ቢጠብቅ እንዴት ይጋጠማል?» ብለው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።